የአህጉሩን ሒሳብ ማን ይሥራው?

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሰው ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የአፍሪካ አዳራሽን ያገኛል። ስለዚህ አዳራሽ የተጠየቀ የአዲስ አበባ ልጅ ሁለት ነገር አያጣም። አንደኛው፣ በግንቦት ወር 1963 የአፍሪካ መሪዎች ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙበት ቤት መሆኑን ነው። ሁለተኛው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስተዋት ነው። በዚያው ግቢ 16 ዓመት ሙሉ ወንበር ይዘው፣ ከዋሽንግተን አበዳሪዎች ጋር በቁጥር ሲሟገቱ የኖሩ አንድ ናይጄሪያዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር እንደነበሩ የሚያነሣ ግን እምብዛም አይገኝም።

ሰውየው ፕሮፌሰር አዴባዮ አዴዴጂ ይባላሉ። ከ1975 እስከ 1991 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስንጠቅስ ዓ.ም. ብለን እንለያለን።) ልብ ላለው፣ ደርግ ሥልጣን በያዘ ማግሥት መጥተው ደርግ በወደቀበት ዓመት የሄዱ ሰው ናቸው። እኛ አብዮት፣ ጦርነትና ረሃብ ስንቆጥር፣ እሳቸው በዚያው ከተማ ተቀምጠው የአንድ አህጉር ሒሳብ ይሠሩ ነበር። ውድ አንባቢያን፣ የእኚህን ሰው ታሪክ ዛሬ ማንሣታችን ለሙገሳ ብቻ አይደለም። የተሟገቱበት ጥያቄ ገና ስላልተዘጋ ነው። ጥያቄው ሲጠቃለል፣ የአንድን ድሃ ሀገር ሒሳብ የሚሠራው ማን ነው? ባለቤቱ ወይስ አበዳሪው? የሚል ነው።

ከኢጄቡ ኦዴ እስከ ኢፌ

አዴዴጂ በ1930 በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ በምትገኘው የዮሩባ ከተማ በኢጄቡ ኦዴ ተወለዱ። ከኢባዳን ተነሥተው በእንግሊዝ ሀገር ሌስተር፣ በአሜሪካ ሃርቫርድ ተማሩ፤ የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ያገኙትም ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ነው። በመካከሉ ግን የተማሩትን በተግባር የሚፈትኑበት ዕድል አጋጥሟቸው ነበር። ናይጄሪያ በ1960 ነፃነቷን ስትቀበል፣ ወጣቱ አዴዴጂ በምዕራብ ናይጄሪያ ክልል መንግሥት የኢኮኖሚ ፕላን መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠራተኛ ነበሩ። በ1963 ወደ ኢፌ ዩኒቨርሲቲ ተሻግረው የመንግሥት አስተዳደር ማስተማር ያዙ፤ ብዙም ሳይቆዩ፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው፣ ፕሮፌሰር ሆኑ።

በ1969 የታተመው መጽሐፋቸው የናይጄሪያን ፌዴራላዊ የገንዘብ አሠራር የሚመረምር ነው። ርእሱ ለብዙ ሰው የሚያንቀላፋ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የኋላው ሥራቸው ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው ያለው። ናይጄሪያ የብዙ ሕዝብና የብዙ ክልል ሀገር ናት። ግብሩን ማን ይሰብስብ? የተሰበሰበውስ በምን ቀመር ይከፋፈል? ዘይት ያለው ክልል ለሌለው ምን ያህል ይተው? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲያጡ ምን እንደሚከተል ናይጄሪያውያን በደም አይተውታል። አዴዴጂ ከዚህ የቀሰሙት ትምህርት፣ አንድነት በመዝሙርና በሰንደቅ ዓላማ ብቻ እንደማይቆም ነው። በአንድነቱ ማን ይጎዳል፣ የተጎዳውንስ ማን ይክሳል የሚለው ሒሳብ አስቀድሞ ካልተሠራ፣ አንድነቱ የሚቆየው የመጀመሪያው ኪሳራ እስኪመጣ ድረስ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ

ከ1967 እስከ 1970 የዘለቀው የቢያፍራ ጦርነት ሲያበቃ ናይጄሪያ ሁለት ነገር ገብቷት ነበር። አንደኛው፣ ጎረቤት ማለት ካርታ ላይ ያለ መስመር ብቻ አለመሆኑን ነው። ኮትዲቯርና ጋቦን የቢያፍራን መንግሥት ዕውቅና ሰጥተው ነበር፤ ከጀርባቸው ደግሞ የፈረንሳይ እጅ ነበረበት። ሁለተኛው፣ ዘይቱ ገንዘብ ማምጣት መጀመሩ ነው። አዴዴጂ በ1970 በምዕራብ አፍሪካ ስለሚኖር ክልላዊ የኢኮኖሚ ትብብር ተስፋ በአንድ የምርምር መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጡ። በማግሥቱ ዓመት በጄኔራል ያኩቡ ጎዎን መንግሥት ውስጥ የኢኮኖሚ ልማትና መልሶ ግንባታ ኮሚሽነር፣ በእኛ አጠራር ሚኒስትር፣ ሆነው ተሾሙ። አንድ ምሁር የጻፈውን ራሱ እንዲፈጽም ሲታዘዝ እንዲህ ያለ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም።

የቋንቋው አጥር ትልቁ እንቅፋት ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ወደ ለንደን፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ወደ ፓሪስ ነበር የሚያዩት። በሌጎስና በአጎራባቿ በኮቶኑ መካከል ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም፣ ሕጉ፣ ገንዘቡና የጉምሩኩ ደንብ ሌላ ዓለም ነበር። በ1972 ጎዎንና የቶጎው ጄኔራል ኤያዴማ ለመጀመር ተስማሙ፤ አንዱ እንግሊዝኛ፣ ሌላው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሀገር መሪ መሆናቸው ሆን ተብሎ ነው። በ1973 የሁለቱ ሀገሮች ልዑካን ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየዞሩ ሐሳቡን አስረዱ። አዴዴጂ ከዚህ ጉዞ ቀዳሚዎች አንዱ ነበሩ። በግንቦት 28 ቀን 1975፣ አሥራ አምስት ሀገሮች የምዕራብ አፍሪካ መንግሥታት የኢኮኖሚ ማኅበረሰብን፣ ኢኮዋስን፣ ሌጎስ ላይ ፈረሙ።

ስምምነቱ ውስጥ አንድ የአዴዴጂን ትምህርት የሚያስታውስ አንቀጽ አለ። ማኅበረሰቡ የትብብር፣ የማካካሻና የልማት ፈንድ እንዲኖረው ተደረገ። ቀረጥ ሲቀንስ ገቢው የሚጎድልበት ድሃ ሀገር ከዚያ እንዲካስ ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላል ያገራችን ሰው። ሎሚው ሲከፋፈል ግን ማን የበሰለውን፣ ማን የደረቀውን ይወስዳል? ፈንዱ የታሰበው ለዚህ ጥያቄ ነበር።

አዲስ አበባ

ከፊርማው ሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ በሐምሌ 1975፣ ጎዎን ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ካምፓላ ሳሉ በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱ። አዴዴጂ በዚያው ዓመት ከጋናዊው ሮበርት ጋርዲነር ወንበሩን ተረክበው አዲስ አበባ ገቡ። የደረሱባት አዲስ አበባ ንጉሠ ነገሥቷን ከዙፋን ያወረደች፣ መሬትና ትርፍ ቤት በአዋጅ የተወረሰባት ከተማ ነበረች።

የያዙት መሥሪያ ቤት ኃይሉ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 የተቋቋመ የተባበሩት መንግሥታት ቅርንጫፍ ነው። ጦር የለውም፤ እንደ ባንክ አያበድርም፤ አንድ መንግሥት ምክሩን አልሰማም ቢል የሚቀጣበት በትር የለውም። ያለው ሁለት ነገር ነው፤ ቁጥር የሚሰበስቡና የሚያገናዝቡ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የፕላንና የገንዘብ ሚኒስትሮችን በየዓመቱ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የማስቀመጥ ሥልጣን። አዴዴጂ በእነዚህ በሁለቱ ምን ያህል ርቀት መሄድ እንደሚቻል ለማሳየት ተነሡ።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት ነገር ግልጽ ነበር። የባቡር ሐዲዱ ከማዕድን ጉድጓድ ተነሥቶ ወደብ ላይ ያልቃል እንጂ ከጎረቤት ጎረቤት አያገናኝም። ከአንዱ አፍሪካዊ ዋና ከተማ ወደ አጠገቡ ስልክ ለመደወል መስመሩ በለንደን ወይም በፓሪስ በኩል ይዞር ነበር። አህጉሩ የማይበላውን እያመረተ የማያመርተውን ይበላል። የጋና ገበሬ ካካዎውን ይሸጣል፣ ቸኮላታውን አያውቀውም። በዚህ ረገድ የእኛ ቡና ለየት ይላል፤ ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን ራሳችን እንጠጣዋለን። የዓለም የቡና ዋጋ ሲወድቅ የውጭ ምንዛሪያችን ይጎዳል፤ ቡናው ግን ጀበና አያጣም። አዴዴጂ ለአፍሪካ የተመኙት በአጭሩ ይህንን ነበር ማለት ይቻላል፤ የራስ ምርት የራስ ገበያ እንዲኖረው።

ስለዚህም ቀረጥ መቀነስ ብቻውን ንግድ አያመጣም ብለው ይከራከሩ ነበር። ሁለት ሀገሮች ሁለቱም ቡና ብቻ ካመረቱ፣ በመካከላቸው ያለው ኬላ ቢነሣ ምን ይለዋወጣሉ? መጀመሪያ የሚሸጥ ዕቃ፣ ዕቃውን የሚያደርስ መንገድ፣ ሒሳቡን የሚያወራርድ ባንክ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ኮሚሽኑ በ1977 በአምስት ክፍለ አህጉራት የሥራ ማዕከሎች ከፈተ። ከእነዚህ አንዱ በሆነው በሉሳካው አማካይነት በተካሄደው ድርድር፣ በታኅሣሥ 1981 የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ልዩ የንግድ ቀጠና ተፈረመ። ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ነበረች። ይህ ነው ኋላ በ1994 ኮሜሳ የሆነው። በ1983 ደግሞ የመካከለኛው አፍሪካ መንግሥታት የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ሊብረቪል ላይ ተመሠረተ። ዛሬ በየዜናው የምንሰማቸው የክልል ድርጅቶች ከፊሎቹ ከዚህ ግቢ በወጣ ወረቀት የተጠነሰሱ ናቸው።

የሁለት ሰነዶች ወግ

በ1979 ሞንሮቪያ ላይ ምሁራንና መሪዎች ተወያዩ። በሚያዝያ 1980 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያውን የኢኮኖሚ ልዩ ጉባኤ ሌጎስ ላይ ጠርቶ የሌጎስን የድርጊት መርሐ ግብር አጸደቀ። የሰነዱ ዋና አዘጋጅ የአዴዴጂ ኮሚሽን ነበር። መርሐ ግብሩ አፍሪካ በምግብ ራሷን እንድትችል፣ ለራሷ ፍላጎት የሚያመርት ኢንዱስትሪ እንድትገነባ፣ እርስ በርሷ እንድትነግድና እስከ 2000 ድረስ የአፍሪካ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ እንዲቋቋም ይላል።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1981፣ ከዋሽንግተን ሌላ ሰነድ ወጣ። የዓለም ባንክ ያሳተመው ሲሆን፣ በአዘጋጁ በአሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ በኤሊየት በርግ ስም «የበርግ ሪፖርት» ተብሎ ይታወቃል። ሁለቱ ሰነዶች አንድን በሽተኛ እያዩ ሁለት የተለያየ መድኃኒት አዘዙ። የሌጎሱ፣ ሕመሙ ከቅኝ ግዛት የተወረሰው መዋቅርና ፍትሕ የጎደለው የዓለም ንግድ ነው አለ። የበርጉ፣ ሕመሙ የመንግሥታቱ የራሳቸው ፖሊሲ ነው አለ፤ ከአቅም በላይ የተሰቀለ የምንዛሪ ተመን፣ ገበሬውን የሚመዘብር የመንግሥት የእህል ግዢ፣ ያበጠ ቢሮክራሲ። መድኃኒቱም ገበያውን መልቀቅ፣ ገንዘቡን ዋጋ ማውረድ፣ ወደ ውጭ የሚላከውን ማብዛት ሆነ።

የሚያስገርመው፣ የበርግ ሪፖርት እንዲጠና የጠየቁት በባንኩ ቦርድ የተወከሉት የአፍሪካ መንግሥታት ራሳቸው መሆናቸው ነው። በአንድ እጃቸው ሌጎስ ላይ ፈረሙ፤ በሌላው እጃቸው ዋሽንግተን ላይ ሐኪም ጠሩ።

እዚህ ላይ ለእውነት መቆም ይገባናል። በርግ ሁሉን አልሳተም። የእኛ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ በደርግ ዘመን ኮታ የተጣለበት ገበሬ እህሉን በተወሰነለት ርካሽ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ሲያስረክብ የነበረውን ያስታውሳል። የሌጎስ መርሐ ግብር በዚህ በኩል ዝም ብሏል ማለት ይቻላል። ሊፈርሙ ከተቀመጡት መሪዎች አብዛኞቹ ያልተመረጡ ነበሩና፣ ሰነዱ የገዢዎቹን ጥፋት ደፍሮ ሊጽፍ አልቻለም። ይህ የአዴዴጂ ሥራ ትልቁ ጉድለት ነው፤ እሳቸውም ኋላ ሊያርሙት ሞክረዋል።

የሌጎሱ ሰነድ መደርደሪያ ላይ የቀረው ግን በዚህ ጉድለቱ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወለድ ናረ፣ የጥሬ ዕቃ ዋጋ ወደቀ፣ ዕዳ ተከመረ። ዶላር የሚያበድረው የሌጎስ መርሐ ግብር አልነበረም፤ የዓለም ባንክና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ነበሩ። ካዝናው ባዶ የሆነበት ሚኒስትር፣ አዲስ አበባ ላይ እጁን ያወጣለትን ሐሳብ ትቶ፣ ገንዘብ ይዞ የመጣውን ሐሳብ ፈረመ። ስሙ የመዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራም ይባላል።

የቁጥር ጦርነት

በመጋቢት 1989 የዓለም ባንክ ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ሆኖ አንድ ሪፖርት አወጣ። ማስተካከያውን የተቀበሉ ሀገሮች ካልተቀበሉት የተሻለ አድገዋል፣ አፍሪካ ማገገም ይዛለች የሚል መንፈስ ነበረው። ብዙም ሳይቆይ የአዴዴጂ ኮሚሽን መልስ ሰጠ። መልሱ ስድብ አልነበረም፤ የሒሳብ መምህር የተማሪውን ደብተር እንደሚያርመው ነበር። ሀገሮቹ «ያስተካከሉ» እና «ያላስተካከሉ» ተብለው የተመደቡት በምን መስፈርት ነው? ቆጠራው ከየትኛው ዓመት ነው የጀመረው?

ይህ የመነሻ ዓመት ነገር ለገበሬ ልጅ ግልጽ ነው። ከድርቅ ዓመት ጀምሮ አዝመራ የሚቆጥር ሰው፣ የሚቀጥለው ዓመት ምርት ሁሉ በረከት ይሆንለታል። ከጥጋብ ዓመት የጀመረ ደግሞ ያንኑ ምርት ረሃብ ይለዋል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ መነሻውን የመረጠው ሰው ግን መልሱን አስቀድሞ መርጧል። ኮሚሽኑ እነዚያኑ መረጃዎች ይዞ በሌላ አመዳደብ ሲያሰላ የተባለው መሻሻል እንደማይታይ አሳየ። ይህ ክርክር የባለሙያዎች ክርክር ብቻ አልነበረም። ማስተካከያው ሠርቷል ከተባለ፣ ክሊኒክ ላይ ክፍያ መጣሉ፣ የትምህርት በጀት መቀነሱ፣ ሠራተኛ መባረሩ ትክክል ነበር ማለት ነው። አልሠራም ከተባለ፣ ያ ሁሉ መከራ በከንቱ ነበር ማለት ነው። በአንድ የመነሻ ዓመት ምርጫ ውስጥ የሚሊዮኖች ኑሮ ነበረበት።

አዴዴጂ በመቃወም ብቻ አልቆሙም። በሚያዝያ 1989 የአፍሪካ የፕላንና የገንዘብ ሚኒስትሮች አዲስ አበባ ላይ ኮሚሽኑ ያዘጋጀውን አማራጭ ማዕቀፍ አጸደቁ። ማዕቀፉ ማስተካከል አያስፈልግም አላለም፤ ማስተካከልና መለወጥ አብረው ይሂዱ ነው ያለው። የምግብ ምርት ይቅደም፣ ለጤናና ለትምህርት የሚመደበው አይነካ፣ ይልቅ የጦር ወጪ ይቀነስ፣ የውጭ ምንዛሪ ለቅንጦት ሳይሆን ለአስፈላጊ ነገር ይዋል የሚል ነበር። በኅዳር 1989 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ማዕቀፉን የውይይት መሠረት አድርጎ በከፍተኛ ድምፅ ተቀበለው፤ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻዋን ነበረች። የዓለም ባንክ ራሱ በዚያው ወር ባወጣው ሌላ ትልቅ ጥናት ላይ ስለ ሰው ልማት፣ ስለ ተቋማትና ስለ ክልላዊ ትብብር ቀድሞ ካደረገው ይልቅ ሰፊ ቦታ ሰጠ። ክርክሩ በወረቀት ላይ ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው። ብድሩ ግን በቀድሞው መንገዱ ቀጠለ።

አሩሻ

በየካቲት 1990 አዴዴጂ የጎደለውን ለመሙላት ሞከሩ። ከየካቲት 12 እስከ 16 አሩሻ ታንዛንያ ላይ መንግሥታትን ብቻ ሳይሆን የገበሬ፣ የሴቶች፣ የሠራተኛና የወጣት ማኅበራትን ያካተተ ጉባኤ ተደረገ። ኔልሰን ማንዴላ ከእስር የወጡት ጉባኤው በተከፈተበት ዋዜማ ነበር። በዚያው ሳምንት እኛ ዘንድ ምጽዋ ላይ መድፍ ይጮህ ነበር።

ጉባኤው ያወጣው የሕዝብ ተሳትፎ ቻርተር የሌጎስ ሰነድ ያልደፈረውን ደፈረ። የአፍሪካ ችግር የኢኮኖሚ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ በራሱ ጉዳይ ድምፅ አጥቷል፣ ያለ ሕዝብ ነፃ ተሳትፎ ምንም ዓይነት ፕላን አይሠራም አለ። አሥር ዓመት ሙሉ «ሒሳባችንን ራሳችን እንሥራ» ያሉት ሰው፣ «ራሳችን» የሚለው ቃል ቤተ መንግሥቱን ብቻ ማለት እንዳልሆነ በይፋ መሰከሩ። አበዳሪውን ተጠያቂ የሚያደርግ መንግሥት እሱም ለገበሬው ሒሳቡን ማሳየት አለበት። እኔ እስከማውቀው፣ ከሕይወት ሥራቸው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

በ1991 አዴዴጂ አዲስ አበባን ተሰናብተው ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ኢጄቡ ኦዴ ተመለሱ፤ እዚያም የአፍሪካ የልማትና የስትራቴጂ ጥናት ማዕከል መሠረቱ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር አቡጃ ላይ የአፍሪካ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ውል ተፈረመ። በ2000 ይደረሳል የተባለው ግብ አሁን በስድስት ምዕራፍና ከ34 ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ እንዲፈጸም ተቀጠረ። እኛ ሀገር ደግሞ አዲሱ መንግሥት በ1992 የመዋቅር ማስተካከያውን ተቀበለ፤ አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም በአንድ ጊዜ ወደ 5 ብር ተሸጋገረ። ሰነዱን የተቃወሙት ሰው ከከተማችን በወጡ ማግሥት ሰነዱ ገባ።

ከኪጋሊ በኋላ

በመጋቢት 21 ቀን 2018 ኪጋሊ ላይ 44 ሀገሮች የአፍሪካን አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነት ፈረሙ። አዴዴጂ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ከአራት ቀን ነው የኖሩት፤ በሚያዝያ 25 ቀን በ87 ዓመታቸው ሌጎስ ላይ ዐረፉ። ታሪክ አንዳንዴ ይቀልዳል፤ በዚያች ዕለት ካልፈረሙት አንዷ የገዛ ሀገራቸው ናይጄሪያ ነበረች። የሀገር ውስጥ አምራቾቿና የሠራተኛ ማኅበራቷ ስለሠጉ ዘግይታ በ2019 ፈረመች።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ የኮሜሳ እናት ከሆነው ቀጠና ፈራሚዎች አንዷ ሆና ሳለ፣ በ2000 የኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጠና ሲጀመር አልገባችም። ምክንያቱ የጉምሩክ ገቢና የጨቅላ ፋብሪካዎች ነገር ነው። አህጉራዊውን ስምምነት ግን በ2019 አጽድቃለች። ታዲያ ፈራሚውና ፈሪው አንድ ሰው መሆኑ ግብዝነት ነው? አይመስለኝም። ወጣቱ አዴዴጂ በናይጄሪያ ክልሎች መካከል ያዩት ያው ጥያቄ ነው፤ የሚጎዳውን ማን ይክሳል? ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ያልያዘ ስምምነት ሁሉ በፊርማው ቀን ያጨበጭቡለታል፣ በኬላው ላይ ያቆሙታል።

ዛሬ አፍሪካ እርስ በርሷ የምትነግደው ከጠቅላላ ንግዷ 15 በመቶ ገደማ ነው። ኢኮዋስ በ1975 ከአሥራ አምስት ሀገሮች ጋር ተነሥቶ ወደ አሥራ ስድስት አድጎ ነበር፤ ሞሪታኒያ በ2000፣ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ደግሞ በጥር 2025 ወጥተው አሥራ ሁለት ቀሩት። ሚዛን ለሚወድ ሰው፣ የአዴዴጂ ሥራ ከሸፈ ለማለት ማስረጃ አይጠፋም።

ሆኖም ሌላውን ሚዛን እንይ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብሔራዊ ባንካችን የብርን ተመን ለገበያ ለቀቀ፤ የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ብድርም ተከተለ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከመቶ ብር ዘለለ። ያን ሰሞን በየሻይ ቤቱ የተነሣው ጥያቄ በ1989 አዲስ አበባ ላይ የተነሣው ጥያቄ ነበር። ይህ መድኃኒት ነው ወይስ በሽታ? ውጤቱን የሚለካው ማን ነው? ከየትኛው ዓመት ጀምሮ? ጥያቄውን የሚጠይቁት ወጣቶች፣ ከእነሱ በፊት እዚያው ከተማ ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ በሠንጠረዥ፣ በስሌት፣ በአማራጭ ሐሳብ የጠየቀ ሰው እንደነበረ አልሰሙም። ስላልሰሙም ክርክሩን በየጊዜው ከሀ ይጀምሩታል። ባለሙያው በአንድ ወገን «ገበያው ይፍታው» ይላል፤ ፖለቲከኛው በሌላ ወገን «የውጭ ጠላት ነው» ይላል። በመካከል ሒሳቡን ቁጭ ብሎ የሚሠራ ይጠፋል።

አዴዴጂ ያስተማሩን መሐል ላይ መቆምን አይደለም፤ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ መሥራትን ነው። አበዳሪን መቃወም ቀላል ነው። ከአበዳሪው የተሻለ ቁጥር ይዞ መቃወም ግን ዓመታት ይጠይቃል፤ ስታትስቲክስ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት፣ የሚያገናዝቡ ባለሙያዎች፣ መንግሥታቸው የማይወደውን ውጤት ሳይደብቁ የሚያትሙ ሐቀኞች ይጠይቃል። በዚህ በኩል አሩሻ ላይ የተባለው ነገር ገና የቤት ሥራችን ነው። የገዛ ሕዝቡ ሒሳቡን እንዲያይ የማይፈቅድ መንግሥት፣ አበዳሪው ሒሳቡን ሲሠራለት የማኩረፍ መብት የለውም።

የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በጥቅምት 2024 እንደገና ተመርቋል። የአፈወርቅ መስተዋት እንደ ጥንቱ ያበራል፤ ጎብኚም ይገባል። ከአዳራሹ ጎን በዚያው ግቢ የኮሚሽኑ ቤተ መጻሕፍት አለ። ሌጎስ ላይ የተፈረመው፣ በ1989 የተከራከረው፣ አሩሻ ላይ የተመሰከረው ሁሉ እዚያ ተቀምጧል። መስተዋቱን ሊያይ የገባ ሰው ወደዚያም ጎራ ቢል አይከፋም።